ዕጣ የሚያገናኛቸው፦ ፓውሊ ሙሬይ ኮሌጅ

በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ያለው ፓውሊ ሙሬይ ኮሌጅ ዲግሪ አይሰጥም፤ የራሱ የትምህርት ክፍልም የለውም። ከየል ዩኒቨርሲቲ 14 የመኖሪያ ኮሌጆች አንዱ ነው። የታሪክ ተማሪውም የፊዚክስ ተማሪውም እዚህ አብረው ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ያጠናሉ። ትምህርታቸውን የሚከታተሉት ግን ከመላው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ተቀላቅለው ነው።

አሠራሩ የመነጨው ከእንግሊዞቹ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ነው። ኤድዋርድ ሃርክነስ የተባለ ባለጸጋ በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የየል ተማሪዎች በትንንሽ ማኅበረሰብ ተከፍለው እንዲኖሩ ወጪውን ልሸፍን ቢል ዩኒቨርሲቲው አመነታ። እሱም ሐሳቡን ይዞ ወደ ተቀናቃኙ ሃርቫርድ ሄደ። የል ዘግይቶም ቢሆን ስጦታውን ተቀብሎ በ1933 የመጀመሪያዎቹን 7 ኮሌጆች ከፈተ። በ1962 ቁጥራቸው 12 ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ አንድም አልተጨመረም። ፓውሊ ሙሬይ ከጎረቤቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኮሌጅ ጋር የተከፈተው በ2017 ነው።

ሕንፃውን የነደፈው የአርክቴክት ሮበርት ስተርን ቢሮ ነው። ዕድሜው ገና ለጋ ቢሆንም የቀደሙትን ኮሌጆች ጎቲክ መልክ ይዞ በጡብና በድንጋይ ተሠርቷል። በዚህ ዘመን የድሮ መልክ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው አይጠፋም። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ያለው በአቀማመጡ ነው። ሕንፃዎቹ ግቢ ከበው ስለቆሙ ወደ መኝታው የሚሄድ ተማሪ ጎረቤቱን ሳያገኝ አያልፍም። የመመገቢያ አዳራሹ የጋራ ነው። ሌሊት የራበው ደግሞ ተማሪዎች ራሳቸው ወደሚያንቀሳቅሷት ትንሽ መክሰስ ቤት ይወርዳል።

የዚህ ኑሮ ምሰሶ ግን ምደባው ነው። ተማሪው ኒው ሄቨን ከመድረሱ በፊት ኮሌጁ በዕጣ ይወጣለታል። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የኖሩበትን ኮሌጅ ለመጠየቅ ይፈቀድለታል፤ ከዚህ ውጭ ምርጫ የለውም። ስለዚህ የሀብታም ልጅ ከሀብታም ልጅ፣ ስፖርተኛ ከስፖርተኛ ጋር ብቻ ተሰባስቦ መኖር አይችልም። አባልነቱም እስኪመረቅ ይዘልቃል። የብዙዎቹ ኮሌጆች ፍሬሽ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት ኦልድ ካምፓስ በሚባለው ግቢ ሲያሳልፉ፣ የፓውሊ ሙሬይዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ኮሌጃቸው ይገባሉ። ይህን ከሌሎቹ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ አዲሱ ልጅ አራተኛ ዓመት ላይ ካለው ጋር በአንድ አዳራሽ ሲበላ የትኛው መምህር እንደሚከብድ፣ ሲጨንቀው ለማን እንደሚናገር ሳይጠይቅ ይሰማል።

ትልልቅ ሰዎችም አብረው ይኖራሉ። የኮሌጁ ኃላፊ መምህር ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ይኖራሉ፣ የኮሌጁን ማኅበራዊ ሕይወት ይመራሉ፣ እንግዳ ጋብዘው ከተማሪው ጋር ያወያያሉ። ዲኑ ደግሞ የእያንዳንዱን ተማሪ ትምህርት ይከታተላሉ። የታመመ፣ ቤተሰቡ ሐዘን ላይ የወደቀ ወይም ኮርስ የከበደው ተማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። በሺህ ለሚቆጠር ተማሪ አንድ ቢሮ ቢከፈት ይህን ያህል ቅርበት አይገኝም።

ስሙ የተወሰደው በ1910 ከተወለዱት ጥቁር አሜሪካዊት የሕግ ሰው ነው። ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቆዳ ቀለማቸው፣ የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ በሴትነታቸው አልቀበልም ብለዋቸው ነበር። ሙሬይ በ1965 ከየል በሕግ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በ1977 በኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቅስና የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆኑ። ስያሜው በ2016 እስኪታወጅ ድረስ ከየል ኮሌጆች መካከል በሴትም ሆነ በጥቁር ሰው ስም የሚጠራ አንድም አልነበረም። ይህን ያህል መዘግየቱ የሚያስቆጭ ነው፤ ምርጫው ግን ትክክለኛ ነው።