ከወባ ምርመራው በኋላ፦ ድንገተኛ ፍርሃትና የሰው ፊት ፍርሃት በአንገር ጉቲንና በወለጋ ከተሞች

በአንገር ሸለቆ ሰውነቱ ድንገት የተንቀጠቀጠ፣ ላብ ያጠመቀውና ልቡ ከደረቱ ልትወጣ የደረሰች የመሰለው ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጠርበት ሕመም ወባ ነው፤ ጥርጣሬውም አግባብ አለው። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በምሥራቅ ወለጋ ጊዳ አያና ወረዳ የምትገኘው አንገር ጉቲን ወደ ዴዴሳ በሚፈሰው የአንገር ወንዝ ቆላ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ነባሩ የኦሮሞ ሕዝብም ሆነ በሠፈራ የመጡት ቤተሰቦች ከወባ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ የደረሰ ታማሚ ጣቱን ተወግቶ ደሙ ቢመረመር ማንም አላጠፋም። ችግሩ የሚጀምረው ውጤቱ «ወባ የለም» ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ ታይፎይድ፣ ከታይፎይድ ወዲያ ጨጓራ፣ ከጨጓራ ወዲያ የደም ግፊት እየተባለ የመድኃኒት ፌስታሉ ይሞላል፤ ሕመሙ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገበያ መካከል ወይም ሚኒባስ ውስጥ ሳይጠራ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ምልልስ ውስጥ ስሙ ሳይነሣ የሚቀረው የፍርሃት ሕመም ነው።

የፍርሃት ሕመም ሲባል በዚህ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙ ችግሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሐኪሞች ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚሉት ሲሆን፣ አንዳንድ ተርጓሚዎች «የሽብር ጥቃት» ሲሉት አንባቢው የዜና ማሰራጫ የከፈተ ስለሚመስለው የቀደመው ስያሜ ይሻላል። ጥቃቱ የሚነሣው አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚያዘጋጀው አድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር፣ የሚያሳድድ አውሬም ሆነ የሚጋጭ መኪና ሳይኖር በደም ውስጥ ሲረጭ ነው፤ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ እጅ ይርዳል፣ ሆድ ይገለበጣል። ሰውየው አየር ያጠረው መስሎት ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ከመጠን በታች ይወርድና ከንፈሩና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ራሱን ያዞረዋል፤ መደንዘዙንም የሞት ምልክት አድርጎ ስለሚያነበው ፍርሃቱ በእጥፍ ይጨምራል። ይህን ራሱን በራሱ የሚመግብ ዙር እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው ሲሆን፣ ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና በአብዛኛው በዚያ ትንታኔ ላይ የቆመ ነው። ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መብረድ ይጀምራል፤ ጥቃቱ ብቻውን ሰው አይገድልም። ሕይወትን የሚያጠበው ጥቃቱ ሳይሆን የሚቀጥለውን መጠበቁ ነው፤ ታማሚው የገበያ ቀን ከቤት መውጣት ይተዋል፣ አውቶቡስ ውስጥ በሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም፣ ወደ ነቀምቴ መሄድ ሲኖርበት አጃቢ ይፈልጋል።

ሁለተኛው የሰው ፊት ፍርሃት ወይም ማኅበራዊ ጭንቀት ይባላል። ይህ ከዓይነ አፋርነት የሚለየው በመጠኑና በሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ ዓይነ አፋር ሰው ለጥቂት ጊዜ ተሸማቅቆ ይላመዳል፣ ማኅበራዊ ጭንቀት ያለበት ግን ሰዎች ይታዘቡኛል፣ ይንቁኛል በሚል ፍርሃት ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ ትዳሩን ሳይቀር ይሸሻል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ የዕድሜ ክልል በመሆኑ ቤተሰብ እንደ ጠባይ ይቆጥረዋል።

ሕመሙን በወለጋ ለማየት ከቡና ሥርዓት የተሻለ ቦታ የለም። ነቀምቴ ስሟን ለዓለም የቡና ገበያ ያዋሰች ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም ቡና ሳይፈላ ጉርብትና የለም። እጀታ የሌላትና እስከ አፏ የተሞላች ስኒ በሰው ሁሉ ፊት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ የሚፈራ ሰው ከመቀበሉ በፊት ብዙ ብልሃት ይሠራል፦ «ቡና አልጠጣም» ብሎ ይዋሻል፣ ወይም «እዚያው አስቀምጪልኝ» ብሎ ሌሎች ወሬ እስኪይዙ ይጠብቃል፣ ወይም በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል። ባለሙያዎች እነዚህን ብልሃቶች መከለያ ባህሪያት ይሏቸዋል፤ ፍርሃቱን ለጊዜው ይጋርዱታል፣ ነገር ግን ሕመሙን የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። አጥብቆ የተጨበጠ ጡንቻ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያም በላይ ሰውየው ስኒው ያልተደፋው በመጠንቀቁ እንደሆነ ስለሚያምን፣ ባይጠነቀቅ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚማርበት ዕድል አያገኝም።

የአካባቢው ቋንቋዎች ለነገሩ ቃል አላጡም። በኦሮምኛ ሶዳ ፍርሃትን፣ ያዶ ሐሳብና ጭንቀትን፣ ቃኒ ደግሞ ኀፍረትን ይገልጻሉ፤ አማርኛውም ይሉኝታ የሚል ለሌላ ልሳን ለማስረዳት የሚያስቸግር ቃል አለው። ይሁንና ቃላቱ ሁሉ ስለ ጠባይ ወይም ስለ ስሜት እንጂ ስለሚታከም ነገር አይናገሩም። እንዲያውም ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ተብሎ ይመሰገናል፤ ይህ ምስጋና ሕመሙን ከመደበቅ አንጻር ከስድብ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል። የችግሩን ስፋት በተመለከተ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ወደ ሲሶ የሚጠጉት የማኅበራዊ ጭንቀት ምልክት እንዳላቸው አመልክቷል። ቁጥሩ በመጠይቅ የተለካ እንጂ በሐኪም ምርመራ የተረጋገጠ ባለመሆኑ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ቢሆንም ነገ ነጭ ጋዋን ለብሰው ታማሚ የሚቀበሉት ወጣቶች ራሳቸው ሕመሙን ከውስጥ እንደሚያውቁት ይጠቁማል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ነቀምቴ ላይ ለሚያስተምረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በእንግሊዝኛ ፕረዘንቴሽን አቅርብ ሲባል፣ የቋንቋ ችግርና የሰው ፊት ፍርሃት አንድ ላይ ስለሚመጡበት የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

ታዲያ የጤና ሥርዓቱ ይህን ሕመም ስለምን አያየውም? መልሱ በአመሠራረቱ ላይ ይገኛል። በአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ የአዲስ አበባ ተቋም ከሁሉ በፊት የሚቀበለው በከባድ ሕመም ራሱን የሳተውን፣ ቤተሰብ የታከተበትን ሰው ነበር። የአእምሮ ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የነደፈውን መርሃ ግብር ኢትዮጵያ ስትቀበል፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች እንዲለዩ የሠለጠኑት በዋናነት ሳይኮሲስን ማለትም ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመምን፣ ድባቴን፣ የሚጥል በሽታንና የአልኮል ችግርን ነበር። ጭንቀት በድርጅቱ መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስለዚህ በአንድ ጤና ጣቢያ ያለ ትጉህ ባለሙያ የፍርሃት ጥቃትን ሳያውቀው ቢቀር የእሱ ስንፍና አይደለም፤ በተሰጠው መጽሐፍ ውስጥ ገጹ አልነበረም። ብዙ ሰው በድህነት የሚያመካኘው ይህ ክፍተት በእርግጥ ከገንዘብ ይልቅ ከስያሜ ጉድለት የመጣ ነው፤ ሕክምናው አጭርና ርካሽ ሲሆን የጠፋው ሕመሙን በስሙ የሚጠራው ሰው ነው።

የተሻለ ሕክምና የሚጀምረው ግን የአካል ሕመምን በጥንቃቄ ከመለየት ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች እንቅርት የቆየ ችግር ሲሆን፣ ለዓመታት የኖረ እንቅርት አንዳንድ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምርና ልብ ማስመታትን፣ መንቀጥቀጥንና ላብን ያመጣል፤ ይህም ከፍርሃት ጥቃት ጋር ለመምታታት የቀረበ ነው። የደም ማነስ፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የተጎዳ የልብ በር፣ ጫትና ከልክ ያለፈ ቡናም እንዲሁ መታየት አለባቸው። በቀን ስምንትና ዘጠኝ ስኒ የሚጠጣ ሰው ልቡ ቢመታ የሚያስገርም አይደለም። ምርመራው አንድ ጊዜ በደንብ ተደርጎ ነጻ ከሆነ ግን መደጋገሙ ጉዳት አለው፤ አምስተኛው የልብ ምርመራ ታማሚው አምስት ጊዜ በሞት ደጃፍ እንዳለፈ እንዲያምን እንጂ እንዲረጋጋ አያደርገውም።

መድኃኒትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ዳያዜፓም ነው። ይህ ክኒን ፍርሃቱን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያበርዳል፣ ለዚህም ይወደዳል፤ ለሳምንታት በየቀኑ ሲወሰድ ግን ሰውነት ይለምደዋል፣ ሲቋረጥም ፍርሃቱ ከበፊቱ በርትቶ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ የሚመረጡት እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ለመሥራት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ፣ ሱስም አያስይዙም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን መቁነጥነጥን ሊጨምሩ ስለሚችሉ በትንሽ መጠን ይጀመራሉ፤ ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው ታማሚው በሦስተኛው ቀን «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ መጣሉ አይቀርም። ከተሻለውም በኋላ ለወራት መቀጠልና በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ ይኖርበታል። በነቀምቴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ጉዳዩ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ከሆነ አዲስ አበባ ከመድረስ በፊት የሚሞከረው እሱ ነው።

ብዙ ቤተሰቦች ከሆስፒታል በፊት ጠበል ወይም የጸሎት ፕሮግራም ያስቀድማሉ። ጸሎትና ክኒን አይጣሉም፤ የሚጎዳው መድኃኒት አቋርጥ መባሉ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከብደው ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረው ግጭት የተፈናቀሉና ሞትን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ጉዳይ ነው። የእነርሱ ፍርሃት ከደረሰ ነገር የተነሣ ስለሆነ የራሱ ሕክምና አለው፤ በእርግጥ አደጋ ያለበትን መንገድ የፈራ ሰው ደግሞ ጨርሶ ታማሚ አይደለም፣ በርትተህ ሂድ ብሎ መምከርም ሕክምና አይባልም።

ከመድኃኒት ጎን ወይም ያለ መድኃኒት የሚሰጠው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ሲሆን፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስድስት በሚደርሱ ሳምንታዊ ቀጠሮዎች ይጠናቀቃል። ለፍርሃት ጥቃት ባለሙያው ታማሚውን ሆን ብሎ ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ እንዲተነፍስ፣ በደረጃ ላይ እንዲሮጥ ወይም ባለበት እንዲሽከረከር ያደርገዋል፤ መደንዘዙና ማዞሩ እንደ ጥቃቱ ሆኖ ሲመጣና ምንም ሳያደርስ ሲያልፍ፣ ሰውነቱ በምክር ያልተቀበለውን በልምምድ ይቀበላል። ይህን ለማድረግ ፎቅ ያለው ክሊኒክም ውድ መሣሪያም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በታማሚው ቋንቋ የሚያስረዳ የሠለጠነ ሰው ነው። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር መርሃ ግብር የሠፈር አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ የምክክር አገልግሎት እንዲሰጡ ያደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የሙከራ ውጤት የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ይህን የመሰለ ሥራ በኢትዮጵያም ሊሞከር ይችላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲሄዱ ኖረዋል፤ በአንገር ጉቲን ደግሞ አማርኛና ኦሮምኛ ሁለቱንም የሚያውቅ ሠራተኛ ማግኘት አያስቸግርም።

ለሰው ፊት ፍርሃት ልምምዱ በደረጃ ይሄዳል፤ በወለጋ ቤት ከቡናው ሊጀመር ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ታማሚው ግማሽ የተሞላ ስኒ ከአንድ ከሚቀርበው ሰው ጋር ብቻ ሆኖ በአንድ እጁ ይቀበላል፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ስኒው ይሞላል፣ ሰዎቹም ጎረቤቶች ይሆናሉ፤ ዐይኑን ከእጁ አንሥቶ የሚያወሩትን እንዲያዳምጥም ይታዘዛል። በመጨረሻ የሚሰጠው ሥራ አብዛኞቹን ታማሚዎች የሚያስደነግጥ ነው፤ በእንግዶች ፊት ጥቂት ቡና ሆን ብሎ እንዲያፈስ፣ ከዚያም ስንት ሰው እንደሳቀ፣ ስንት ሰው ወሬውን እንዳቋረጠና ማን ጨርቅ እንዳቀበለው ቆጥሮ እንዲመጣ ይጠየቃል።