ከጣና ዳር የቀሩት እናቶች

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ የሚሮጠው በአብዛኛው ወጣት ነው። ሃምሳን የተሻገሩት እናቶች በዚያው ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም ዘንቢል አንጠልጥለው ወደ ገበያ ያልፋሉ። ስፖርት ሥሩ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኛማ ቀኑን ሙሉ ስንሠራ አይደል የምንውለው?» እውነት አላቸው፤ የቤት ሥራ ግን ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ሚዛንን አያለማምድም።

የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይቋረጣል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፤ ጡንቻም እየደከመ ይሄዳል። ስለ ሙቀቱና ስለ ላቡ ቡና ላይ ይወራል፤ ስለ እግር መክዳት ግን የሚያነሳ የለም። ደጃፏ ላይ አዳልጧት የወደቀች እናት «ዕድሜ ነው» ትባልና ይታለፋል። አጥንቷ ከሳሳ ግን ያ ትንሽ አወዳደቅ ዳሌዋን ሊሰብር፣ ከአልጋ ሊያውላት ይችላል።

መከላከያው አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ23,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 108 ጥናቶች መርምሮ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሰውነት እንቅስቃሴ ሲያደርጉ መውደቅ በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እንቅስቃሴ ሙቀቱን ያጠፋል የሚል በቂ ማስረጃ የለም፤ ለእንቅልፍና ለመንፈስ ግን ይበጃል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ስግደት ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ መዳፍ መሬት ይነካል፣ ግንባር ይወርዳል፤ ከዚያ ሰውነት በእግሩ ብርታት ቀና ይላል። አምልኮ ነውና ስፖርት ብዬ አላሳንሰውም። ሆኖም በሰሙነ ሕማማት ስትሰግድ የኖረች እናት ከመሬት መነሣትን ሰውነቷ ያውቀዋል። ጉልበቷን አሟት ስትተወው ያ ልምድም አብሮ ይቀራል።

ለእሷ የሚሆነው ቀላል ነው፦ ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግር ለጥቂት ሰከንድ መቆም፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣት፣ ከጎረቤት ጋር በሐይቁ ዳር ፈጠን ብሎ መራመድ። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው ሚዛንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይመክራል። ለምን እስከዚያ ይጠበቃል?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ብዙ ሠርቷል። መውለድ ያቆመችውን እናት በር ግን ማን ያንኳኳላት? የባሕር ዳር የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ የእናቶቻችንን ደም ግፊት ስትለኩ አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፦ «እማማ፣ ዘንድሮ ወድቀው ያውቃሉ?»