የፋብሪካ ሥራ በዕጣ ሲመዘን

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ፣ በውስጡ ያሉት የልብስና የጫማ ፋብሪካዎች ብዙ ወጣት ሴቶችን ሲቀጥሩ ቆይተዋል። ስለ እነዚህ ሠራተኞች ሁለት ነገር እንደ እርግጥ ሆኖ ይነገራል። አንደኛው፣ ፋብሪካ የገባ ሰው ኑሮው ይሻሻላል የሚል ነው፤ ሁለተኛውም፣ ሥራውን ቶሎ የሚለቅ ሰው ትዕግሥት ያጣ ነው የሚል ነው። በዚች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለው እምነት በምን ሊመዘን እንደሚችል ነው።

ልማዳዊ እምነትን በቁጥር መፈተን በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ የታወቀ ነው። ቢል ጄምስ የተባለው ጸሐፊ በአንድ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ሳለ የጨዋታውን መዝገብ እየመረመረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ባሳተማቸው ጽሑፎች የአሠልጣኞችን ብዙ የቆየ አስተያየት ተቃውሟል። ለእርሱ ግን የሚመረምረው መዝገብ ነበረው። ከፋብሪካ የወጣች ሠራተኛ ከደመወዝ መዝገብ ከተሰረዘች በኋላ ምን እንደምታገኝ መዝገቡ አይነግረንም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ምሁራን ይህን ችግር በዕጣ ፈቱት። ቦሌ ለሚ ከመከፈቱ በፊት በጀመሩት ጥናት፣ በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ 1,000 ያህል ሰዎችን በዕጣ ከሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ክፍል ሥራው፣ ለሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የንግድ ትምህርት ተሰጠ፤ ለሦስተኛው ግን ምንም አልተሰጠም። የከፈላቸው ዕጣ ስለ ሆነ፣ በኋላ የታየው ልዩነት ከትጋት ወይም ከዘመድ ብዛት መጣ ሊባል አይችልም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ሥራ ከደረሳቸው አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀዋል። ገቢያቸው ምንም ካልደረሳቸው አልበለጠም፤ የጤና ችግር ግን በዝቶባቸዋል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢ በ33 በመቶ ከፍ ብሏል። እንግዲህ መልቀቅ ስንፍና ሳይሆን አስቦ የተደረገ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ፋብሪካ የገቡት ክፉ ቀን ለማለፍ ነበርና።

ሆኖም «ገንዘብ ከፋብሪካ ይሻላል» የሚል ሌላ እምነት መትከልም አይገባም። ከአምስት ዓመት በኋላ የሦስቱ ክፍሎች ገቢ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ የጤናውም ልዩነት አልቀጠለም።

ይህ ጥናት ቦሌ ለሚን አልመዘነም። የሚያስተምረን ግን የአመዛዘኑን መንገድ ነው። ስለ ለቀቀችው ልጅ ከመፍረዳችን በፊት፣ ከደመወዟ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ተቀንሶ ምን ይተርፋት እንደ ነበር፣ ዛሬስ ከአጥሩ ውጭ ምን እንደምታገኝ ጠይቀን እንመዝግብ። በር ላይ ያሉትን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሄዱት መፍረድ ሚዛኑን ያጎድላል።