ዓይንን ከብርሃን ጉዳት ስለሚጠብቁ የዕፀዋት ቀለሞች፤ አስመጪውና ባለሱቁ ሊያውቁት የሚገባ

ለዓይን ይጠቅማሉ ተብለው ከውጭ አገር የሚመጡ እንክብሎች በመድኃኒት ቤቶችና በታላላቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ከታዩ ሰንብተዋል። በብልቃጦቹ ላይ ሉቴን፥ ዚያዛንቲን፥ ቤታ ካሮቲንና አንቲኦክሲዳንት የሚሉ ቃላት ተጽፈው ይገኛሉ። ገዥው የእነዚህን ቃላት ትርጉም ከሐኪም አስቀድሞ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሻጩን ነው። የሻጩም መልስ የዕቃውን ሽያጭ ብቻ ሳይሆን የገዥውን የማየት ኃይል ጭምር የሚነካ ስለሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ለነጋዴው ተገቢ ይሆናል።

በቅድሚያ ብርሃን ዓይንን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል እንመልከት። ሬቲና የሚባለው በዓይን ኋለኛ ግድግዳ ላይ የተነጠፈ ስስ ንብር ሲሆን፥ ብርሃንን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያስተላልፍ እርሱ ነው። በመካከሉ ማኩላ የምትባል ትንሽ ስፍራ አለች፤ ጽሕፈት የምናነብባት፥ የሰው ፊት የምንለይባት፥ በመርፌ ቀዳዳ ክር የምናሾልክባት እርሷ ናት። የሬቲና ሕዋሳት ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ቅባት በብዛት አላቸው፤ የሚወስዱትም ኦክሲጅን እጅግ ብዙ ነው። ቅባት፥ ኦክሲጅንና ብርሃን በአንድ ስፍራ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ቅቤ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ጥሬ ቅቤ ፀሐይና አየር ሲያገኘው ይከረፋል፤ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረው ግን ይሰነብታል። ለዚህ አንደኛው ምክንያት ውሃው ተኖ መውጣቱ ሲሆን፥ ሁለተኛው በቅመሞቹ ውስጥ ኦክሲጅን ቅባቱን እንዳያበላሸው የሚከላከል ነገር መኖሩ ነው። አንቲኦክሲዳንት ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1966 ቨርነር ኖኤል የተባሉት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር አይጦችን ለረጅም ሰዓት በመብራት ሥር አቆይተው፥ ዓይንን የማያቃጥል ብርሃን እንኳ ጊዜው ሲረዝም ሬቲናን እንደሚጎዳ አሳዩ። በ1976 ደግሞ ዊሊያም ሃምና ባልደረቦቻቸው በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ከሚታየው ብርሃን ሁሉ ሰማያዊው ክፍል በአነስተኛ ኃይል ከፍ ያለ ጉዳት እንደሚያደርስ አረጋገጡ።

ታዲያ ዕፀዋት ወደዚህ ጉዳይ የገቡት እንዴት ነው? ቅጠልም እንደ ዓይን ቀኑን ሙሉ ብርሃን ሲቀበል ይውላል። ከሚችለው በላይ ብርሃን ሲደርሰው ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጠው የሚያስወግዱለት ቢጫና ብርቱካንማ ቀለሞች አሉት፤ በአረንጓዴው ተሸፍነው ለዓይን አይታዩም እንጂ በጎመን ቅጠል ሁሉ ውስጥ ይገኛሉ። በ1967 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ጆርጅ ዋልድ፥ በሰው ማኩላ ላይ የሚታየው ቢጫ ቀለም ከቅጠሉ ቢጫ ቀለም ጋር አንድ ወገን መሆኑን ገና በ1945 አመልክተው ነበር። በ1985 ደግሞ ቀለሙ ሉቴንና ዚያዛንቲን መሆኑ ታወቀ። የሰው ሰውነት እነዚህን ቀለሞች ሊሠራቸው አይችልም፤ ከምግብ ብቻ ያገኛቸዋል። ሥራቸውም ሁለት ነው፤ አንደኛ፥ ከብርሃን ተቀባዮቹ ሕዋሳት ፊት ተነጥፈው ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራሉ፤ ሁለተኛ፥ በብርሃን ምክንያት የሚፈጠረውን ጎጂ ኦክሲጅን ያበርዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የተፈጥሮ ሥራ ነው። እንክብሉ ግን የሚመዘነው በሰዎች ላይ በታየው ውጤት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት በ2001 ይፋ ያደረገው ታላቅ ምርመራ፥ በዕድሜ ምክንያት የሚመጣው የማኩላ ድካም ወደ መካከለኛ ደረጃ በደረሰባቸው ሰዎች ላይ፥ ቫይታሚን ሲ፥ ቫይታሚን ኢ፥ ቤታ ካሮቲንና ዚንክ በአንድነት ሲሰጡ፥ በሽታው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ከፍተኛ ደረጃ የመድረሱ አደጋ በ25 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በ2013 የወጣውና 4,203 ሰዎች የተካፈሉበት ሁለተኛው ምርመራ ደግሞ 10 ሚሊግራም ሉቴንና 2 ሚሊግራም ዚያዛንቲን በቤታ ካሮቲን ፈንታ መግባት እንደሚችሉ አመለከተ። በነባሩ ቅመራ ላይ ሲጨመሩ ግን በጠቅላላው ተጨማሪ ጥቅም አልታየም።

ነጋዴው እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው፥ እንክብሉ ጤነኛውን ሰው ከበሽታው አስቀድሞ እንደሚጠብቅ፥ የጠፋውንም የማየት ኃይል እንደሚመልስ አልተረጋገጠም። ሁለተኛው፥ ቤታ ካሮቲን በሚያጨሱና ቀድሞ ባጨሱ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰርን አደጋ ይጨምራል፤ በ2022 የታተመው የ10 ዓመት ክትትልም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ቤታ ካሮቲን ተጽፎ ከሆነ ገዥው ያጨስ ወይም አጭሶ ያውቅ እንደሆነ ሳይጠይቁ መሸጥ አይገባም። ሦስተኛውና በአገራችን ይልቁን የከበደው፥ በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከዕውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል እንጂ በእንክብል አይገፈፍም። ዓይናቸው የፈዘዘባቸውን ሽማግሌ «ይህን ለጥቂት ወራት ይዋጡ» ብሎ የሚያሰናብት ሻጭ፥ ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን የሚታከሙበትንም ጊዜ ይወስድባቸዋል።

መነጽር የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። ማናቸውም ምግብም ሆነ እንክብል ፀሐይን ትክ ብሎ ከማየት አያድንም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በታየው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ እንደታወቀው፥ ለዚህ የሚያገለግለው አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን መለኪያ ያሟላ ልዩ መነጽር ብቻ ነው፤ ተራው ጥቁር መነጽር አይበቃም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን በከፊል የሚታይ ግርዶሽ ስለሚውል፥ ለዚያ የሚያዝዝ ነጋዴ መለኪያውን ከላኪው አስቀድሞ ይጠይቅ። ለዘወትር የሚሆነው የፀሐይ መነጽር ዩቪ 400 የሚል ምልክት ይኑረው፤ የመስተዋቱ ጥቁረት ብቻውን መከላከያ አይሆንም። ለኮምፒዩተር ተብለው የሚሸጡት ሰማያዊ ብርሃን አጣሪ መነጽሮች ግን፥ በ2023 የወጣው የ17 ምርመራዎች ግምገማ እንዳመለከተው፥ በአጭር ጊዜ የዓይንን ድካም የሚቀንሱ መሆናቸው አልታየም።

ስለ ዕቃው አመራረጥና አያያዝም ጥቂት እንጨምር። በገበያ ላይ ያለው ሉቴን አብዛኛው የሚወጣው ማሪጎልድ ከተባለው ብርቱካንማ አበባ ነው፤ ይኸው ቀለም የእንቁላል አስኳል እንዲደምቅ በዶሮ መኖ ውስጥም ይገባል። አስመጪው ዋጋ ሲያወዳድር ጽሑፉ «ሉቴን» ወይም «ሉቴን ኤስተር» እንደሚል ይመርምር፤ 20 ሚሊግራም ኤስተር ከ10 ሚሊግራም ነጻ ሉቴን ጋር የሚስተካከል ስለሆነ፥ በቁጥር የበለጠ መስሎ የታየው ዕቃ በእውነቱ እኩል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር የሚተዳደር በመሆኑ፥ ከማዘዝ በፊት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ማጣራት ከኪሣራ ያድናል።

የሱቁ አቀማመጥም ቀላል ነገር አይደለም። ከደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ በርበሬ መልኩ እንደሚገረጣ ባለሱቅ ሁሉ ያውቃል፤ የበርበሬ ቅላትና ሉቴን አንድ ወገን ናቸውና ሁለቱም በብርሃን፥ በሙቀትና በአየር ይበላሻሉ። ዓይንን ከብርሃን የሚጠብቀው ቀለም ራሱ ከብርሃን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ብልቃጡን ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ የታሸገውን መምረጥ፥ ከመስኮት አርቆ በቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፥ ለጤነኛ ደንበኛ የሚሰጠው ምክር ርካሽ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ስፒናች ከ10 ሚሊግራም በላይ ሉቴንና ዚያዛንቲን ይዟል፤ ጎመንና ሌላውም አረንጓዴ ቅጠል ሁነኛ ምንጭ ነው፤ ቢጫ በቆሎም ይገኝበታል። የእንቁላል አስኳል የሚይዘው ጥቂት ቢሆንም በቅባቱ ምክንያት ለሰውነት በቀላሉ ይደርሳል። ጎመኑም ያለ ዘይት ወይም ያለ ቅቤ ሲበላ ቀለሙ በደንብ አይወሰድም። እንክብሉ የሚገባው ሐኪም ዓይኑን መርምሮ ላዘዘለት ሰው ነው። ይህን ለይቶ የሚናገር ነጋዴ አንድ ብልቃጥ ሳይሸጥ ሊውል ይችላል፤ ደንበኛው ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምነው እርሱን ነው።