ድረ ገጹ ለማን ተከፈተ?

ዛሬ ማስታወቂያ ከግድግዳ ወርዶ ወደ ድረ ገጽ ገብቷል። የፈተና ውጤት፣ የሥራ ቅጥር፣ የባንክ ጉዳይ፣ የረመዷን የሱሑርና የኢፍጣር ሰዓት ሳይቀር የሚፈለገው በስልክና በኮምፒዩተር ነው። ይህ ለዓይነ ስውር፣ እጁ ወይም እግሩ ለማይታዘዝለት ወገናችን ታላቅ እፎይታ መሆን ነበረበት፤ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሰው ሳያስቸግር ጉዳዩን ሊጨርስ ይችላልና። ይሁንና ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩት ዓይን፣ ጆሮና እጅ የተሟላለትን ሰው ብቻ በማሰብ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «ዓይነ ስውር እንዴት ኮምፒዩተር ይጠቀማል?» ትሉ ይሆናል። የሚጠቀመው በጆሮው ነው። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብለት ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለ። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ነው፤ እንደ እሱው ማየት የተሳነው ጄምስ ቴ ተቀላቅሎት አሳደጉት፤ እስከ ዛሬም በነፃ ይታደላል። ተጠቃሚው ማውስ አይነካም፤ ቀስቱ የት እንዳለ አያይምና። በኪቦርዱ ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዘለለ ይጓዛል።

ፕሮግራሙ የሚያነበው ግን በፊደል የተጻፈውን ነው። የደብዳቤ ፎቶግራፍ ሲያጋጥመው «ምስል» ብሎ ያልፋል። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ቢኖሩም ፊደል ይሳሳታሉ፤ ሰንጠረዥ ሲሆንማ ስሙና ቁጥሩ ይዘበራረቃል። በአገራችን ደግሞ ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ እንዳለ መለጠፉ የተለመደ ነው። በምናስተምርበት ከተማ የአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ የፈተና ውጤት በዚህ ዓይነት ወጣ። ልጁ ስልኩን ይዞ ቢደክምም ስልኩ ዝም አለው። በመጨረሻ የክፍል ጓደኛው ተቀብሎ በሰው መሐል ጮክ ብሎ አነበበለት። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የራሱን ጉዳይ የሰማው ከሌሎች ጋር እኩል ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮስ? የባንክ ሒሳቡ ወይም የሐኪም ምርመራው ቢሆንስ?

በፎቶ የመለጠፉ ልማድ መነሻ አለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱ አሠራር ነበረው። ያንዱ ጽሑፍ በሌላው ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ስለነበር ሰው ወደ ፎቶ ቢሸሽ አይፈረድበትም። አሁን ግን ፊደላችን በየስልኩ ስላለ ምክንያቱ ከወደቀ ቆይቷል።

ጉዳዩ በሌላም አገር ሙግት አስነሥቷል። ብሩስ ማጓየር የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር የሲድኒ ኦሊምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴ ድረ ገጽ አላስነብብ ስላለው እ.ኤ.አ. በ1999 ለአገሩ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ክስ አቀረበ። ምስሎቹ መግለጫ አልነበራቸውም፤ የውጤት ሰንጠረዡም ለእሱ ዝግ ነበር። ኮሚቴው ማስተካከሉ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ነው ሲል ተከራከረ፤ የከሳሹ ባለሙያዎች ግን በአራት ሳምንት ያልቃል አሉ። ኮሚሽኑ በነሐሴ 2000 ለማጓየር ፈረደለት። ትእዛዙ በሙሉ ስላልተፈጸመም ኮሚቴው 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነ። የውድድሩ ጊዜ ግን በዚህ መሐል አልፎ ነበር።

ደብሊው ሦስት ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ማኅበር ለሠሪዎች መመሪያ ካወጣ ከ1999 ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በ2008፣ በ2018 እና በ2023ም አሻሽሎታል። ሁሉንም እዚህ አንዘረዝርም። ከምስል ኋላ አጭር መግለጫ ይጻፋል፤ አይታይም፣ ፕሮግራሙ ግን ያነበዋል። ለተንቀሳቃሽ ፊልም መስማት ለተሳነው ሰው የግርጌ ጽሑፍ ይጨመራል። ተራው ጽሑፍና መደቡ በድምቀት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲለያዩ ይጠይቃል፤ ይህ ዓይናቸው ለደከመ እናትና አባቶቻችንም ይጠቅማል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ቅጽ ነው። ሣጥኑ «ስም» ይሁን «ስልክ ቁጥር» በአግባቡ ካልተሰየመ ዓይነ ስውሩ የሚሰማው «ጻፍ፣ ጻፍ» የሚል ብቻ ነው። አሥር ጊዜ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ገጽም እንዲሁ ነው፤ የትኛው እዚህ?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አንቀጽ 9 መንገድና ሕንፃን ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔትንም በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ ድረ ገጽ የሚያሠራ ት/ቤት፣ መሥሪያ ቤት ወይም መስጊድ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ነገር ቢያደርግ እንመክራለን። አንደኛ፣ ማውሱን ነቅሎ በታብ ቁልፍ ብቻ ከላይ እስከ ታች ይሂድበት። ሁለተኛ፣ ስክሪን ሪደር የለመደ ዓይነ ስውር ጠርቶ፣ የድካሙንም ከፍሎ፣ የዛሬውን የኢፍጣር ሰዓት ከገጹ ላይ እንዲያገኝ ይጠይቀው፤ እሱ እየፈለገ ሳለም ሠሪው አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጥ።