ከእንፍራንዝ እስከ መተማ፦ የኢትዮጵያና የሱዳን ጉርብትና በሲራራ መንገድ

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ ካለው ኮረብታ ላይ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ የሚታመነው የጉዛራ ግንብ ይታያል። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሱዳን ግንኙነት በሚነገርበት ጊዜ የአዲስ አበባና የካርቱም ስም እንጂ የእንፍራንዝ ስም ብዙም አይነሣም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ዋና ከተሞች ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ ጉርብትናውን ያቆመው ከጣና ዳርቻና ከጎንደር ተነሥቶ፣ በጭልጋና በመተማ አልፎ፣ እስከ ስናር ይዘልቅ የነበረው የሲራራ መንገድ፣ ማለትም ነጋዴዎች ለደኅንነታቸው ተሰባስበው ከነጭነታቸው የሚጓዙበት መንገድ ነው።

ስናር በጥቁር ዓባይ ዳር የተቆረቆረች የፉንጅ ሱልጣኔት መናገሻ ነበረች። በ1691 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም በዚያች ከተማ በኩል ወደ ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ፣ እንፍራንዝ በስፋት ከጎንደር ብታንስም በአቀማመጧ እንደምትበልጥ፣ እስላሞችም ሃይማኖታቸውን በይፋ የሚፈጽሙባትና ከክርስቲያኖች ጋር ቤት ለቤት ተጎራብተው የሚኖሩባት ከተማ እንደሆነች ጽፏል። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ የጎንደር እስላሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ መወሰኑ ሲታሰብ፣ የእንፍራንዝ አኗኗር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የሩቅ ንግዱን በአብዛኛው ይመሩት የነበሩት ጀበርቲ ተብለው የሚታወቁት የአገሩ እስላም ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ ለንግድ የተመቸች ከተማ የነጋዴውን አኗኗር ማክበር ግድ ይላት ነበር ማለት ይቻላል። ፖንሴ በእንፍራንዝ ከተመለከታቸው የንግድ ዓይነቶች አንዱ ዝባድ፣ ማለትም ከጥርኝ የሚገኘው ሽቶ ሲሆን፣ ሌላው የባሪያ ንግድ ነው፤ በዚህ መንገድ ሰው እንደ ዕቃ መሸጡ ስለ መንገዱ ጥቅም በሚነገርበት ሁሉ አብሮ ሊነገር የሚገባው ከባድ በደል ነው።

ከስናር በኩል ለጎንደር ፈረሰኞች የሚሆኑ ፈረሶች ይመጡ ነበር። የነጋዴዎች አለቃ የሆነው ነጋድራስ ቀረጡን ሰብስቦ ለመንግሥት ስለሚያስገባ፣ የመንገዱ መዘጋት ከነጋዴው አልፎ ቤተ መንግሥቱን ይጎዳ ነበር። የነገሥታቱ መልእክትና ስጦታም በዚሁ መንገድ ይመላለስ ነበርና የመንገዱ ሰላምና የዲፕሎማሲው ሰላም ተለይተው አያውቁም። ከሥልጣኑ የተነቀለው የፉንጅ ሱልጣን አብዱልቃድር ወደ ዐፄ ሱስንዮስ በተሰደደ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የጭልጋን ግዛት ሰጥተውታል፤ ከዚያ በኋላ ከስናር የተላከላቸው ስጦታ ሁለት የማይረቡ ፈረሶች ብቻ መሆኑ እንደ ስድብ ተቆጥሮ ቅሬታውን እንዳባባሰው ይተረካል፤ በኋላም ጦርነት ተከተለ። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ላይ ዘምተው በድንድር ወንዝ አጠገብ ድል ሲሆኑ፣ ሠራዊቱ ይዞት የዘመተው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል በፉንጆች እጅ ወደቀ። ሥዕሉ ወደ ጎንደር የተመለሰው በቤዛ፣ ማለትም በሰይፍ ሳይሆን በክፍያ መሆኑ፣ ሁለቱ ወገኖች ከጦርነት በኋላም የሚነጋገሩበት በር እንዳልጠፋ ያስረዳል።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባት ግን መተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበያዋን ያደረጁት ተክሩር የተባሉ ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ በዚያ ሰፍረው በራሳቸው ሼክ ይተዳደሩ ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰምና በቅሎ ይወርድ፣ ከቆላው ነጋዴዎች ይመጡ ነበር። ሼኩ በአንድ በኩል ለኢትዮጵያ፣ በሌላ በኩል በ1813 ዓ.ም. ስናርን ለያዘው የግብፅ መንግሥት ግብር ይከፍል ነበር። ዘመናዊው የወሰን ሕግ አንድ መሬት አንድ ሉዓላዊ ባለቤት ብቻ እንዲኖረው ስለሚጠይቅ ይህ አሠራር ሥርዓት አልባ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ለሁለት ጌታ መገበር ለገበያው የመኖር ዋስትና ስለነበር፣ ከብዙ የጽሑፍ ውል የበለጠ ብልሃት ነበረው።

ይህን ብልሃት ያፈረሰው ከሩቅ የመጣ ፖለቲካ ነው። በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመውና በእንግሊዛዊው ተደራዳሪ ስም የሂወት ውል በሚባለው ስምምነት፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በማህዲስቶች፣ ማለትም በሱዳን በግብፅ አገዛዝ ላይ በተነሡት የማህዲ ተከታዮች፣ የተከበቡትን የግብፅ ጦር ሰፈሮች ለማስወጣት ሲስማሙ፣ በምላሹ ግብፅ ይዛው የነበረውን ቦጎስን ለማስመለስ ቻሉ፤ ዳሩ ግን ከግብፅ ጋር የነበረው ጠብ ከማህዲስቶች ጋር ወደሚደረግ ጠብ ተለወጠ። በ1880 ዓ.ም. የማህዲስቶቹ አዛዥ የአቡ አንጃ ሠራዊት ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ቆስለው አረፉ። የጦርነቱ ትርፍ ለሁለቱም ሕዝቦች አልደረሰም፤ ጥቂት ቆይቶ ጣሊያን በሰሜን፣ እንግሊዝ በሱዳን ተተከሉ።

የዛሬው ወሰን መሠረት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት ውል ነው። ወሰን መወሰን በውልና በካርታ ላይ የሚፈጸም ሲሆን ወሰን ማካለል ደግሞ ምልክቱን በምድር ላይ መትከል ነው፤ ሁለተኛውን ሥራ በ1895 ዓ.ም. ያከናወነው እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ነበር። ኢትዮጵያና ነፃ የወጣችው ሱዳን በ1964 ዓ.ም. በተለዋወጡት ደብዳቤ ይህን መሠረት ቢቀበሉም፣ ኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮች ሲያርሱት የቆየው ለም የአልፋሽጋ መሬት ጉዳይ እልባት ሳያገኝ ቀረ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላም የሱዳን ጦር ወደዚያ ገብቶ አካባቢውን መያዝ ጀመረ።

ክርክሩ ባልተቋረጠበት ዘመን ግን ኢኮኖሚው ሁለቱን አገሮች ማስተሳሰሩን አላቆመም። በ2006 ዓ.ም. ከጎንደር በሸህዲ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የተዘረጋው የኃይል መስመር ሥራ ሲጀምር፣ ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ መሸጥ ጀመረች። በወሰኑ ግራና ቀኝ ሰሊጥ ይዘራል፤ በአጨዳ ወቅትም ከደጋው የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ በሱዳን በኩል ካለችው ከገላባት ወደ መተማ የሚያሻግረው መግቢያ ሕይወታቸውን ለማትረፍ የሚሸሹ ሰዎች መተላለፊያ ሆነ።

የአልፋሽጋን ጉዳይ ወታደር ሊፈታው እንደማይችል የመተማ ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ወሰኑን ለማካለል ዳግመኛ ሲቀመጡ፣ የመተማና የገዳሪፍ አርሶ አደሮች፣ የሰሊጥ ነጋዴዎችና የአገር ሽማግሌዎች በድርድሩ ውስጥ እንዲወከሉ ማድረግ ይገባቸዋል።