ሳንቲሙን ወደ ማሽን ከመውሰዳችሁ በፊት

ቨርጂኒያ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ክፍል አገለግላለሁ። እሑድ ቅዳሴ አልቆ ምእመኑ ጸበል ጸዲቅ ሲቀምስ እኛ ሙዳየ ምጽዋቱን ጠረጴዛ ላይ እንዘረግፈዋለን። የወረቀቱ ገንዘብ ቶሎ ተቆጥሮ ያልቃል። ጊዜ የሚፈጀው ሳንቲሙ ነው፤ ኳርተሩ ለብቻ፣ ዳይሙ ለብቻ፣ ኒክሉ ለብቻ፣ ፔኒው ለብቻ ይለያል። ይህን ሥራ እንደምሠራ ስለሚታወቅ ቤቱ ጠርሙስ የሞላበት ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል፦ «ይሄን ሁሉ ሳንቲም የት ወስጄ ነው ወረቀት የማደርገው?»

በዋሽንግተን አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያን ሳንቲም የሚበዛብን በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሆቴል ጽዳት ላይ ሠርተናል፤ እየሠራንም ነው። በጥሬ ገንዘብ ቲፕ የሚቀበል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ኪሱ ከብዶት ነው። ያ ሳንቲም የላብ ዋጋ ነው። ከላዩ ላይ ማን፣ ስንት እንደሚቆርጥለት ሳያውቅ ማንም ሰው አሳልፎ እንዲሰጠው አልፈልግም።

መጀመሪያ ሁሉም የሚያየውን ማሽን ላንሣ። ትልልቆቹ ግሮሰሪዎች መግቢያ አጠገብ የሚቆመው አረንጓዴ ማሽን ኮይንስታር ይባላል። ሐሳቡን ያመጣው ጄንስ ሞልባክ የሚባል ሰው ሲሆን ኩባንያው የተመሠረተው በ1991 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሳንቲሙን ገንዳው ላይ ታፈሱታላችሁ፣ እየተንኳኳ ይቆጠራል፣ ሲያልቅ ወረቀት ይወጣል፣ ወረቀቱን ለካሸሯ ሰጥታችሁ ጥሬ ገንዘብ ትቀበላላችሁ። መለየት የለም፣ መጠቅለል የለም። ለዚህ ምቾት የሚከፈለው ግን በብዙ ቦታ ከመቶ 12.5 ደርሷል፤ በዚያ ላይ 99 ሳንቲም የአገልግሎት የሚጨመርበት ቦታም አለ። እንደየአካባቢው ስለሚለያይ እናንተ ሰፈር ያለው ስንት እንደሚቆርጥ ስክሪኑ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

ክፍያው ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። በመቶኛ የሚቆረጠው ከገንዘቡ ጋር ያድጋል፣ ያንሳል። 99 ሳንቲሙ ግን ብዙ ላመጣም ጥቂት ላመጣም እኩል ነው። በዚህ ስሌት 100 ዶላር ያፈሰሰ ሰው 86 ዶላር ከ51 ሳንቲም ይዞ ይሄዳል። 8 ዶላር ብቻ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ዶላር በመቶኛው፣ 99 ሳንቲም በአገልግሎቱ ሄዶበት 6 ዶላር ከአንድ ሳንቲም ይቀረዋል። ከገንዘቡ ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ትንሽ ያለው ሰው አብልጦ የሚከፍልበት አሠራር ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

አንዲት እናት ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ ደረሰኝ ይዘው መጡ። ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ ናቸው። «ልጄ፣ እቤት ቆጥሬ ሃያ አራት ዶላር ነበር፤ ማሽኑ ሃያ ብቻ ሰጠኝ። ተሳሳተ እንዴ?» አሉኝ። ደረሰኙን አየሁት። «እማማ፣ ማሽኑስ በትክክል ነው የቆጠረው። የቆጠረበትን ነው የወሰደው» አልኳቸው። ሦስት ዶላር በመቶኛ፣ 99 ሳንቲም በአገልግሎት። ክፍያው ስክሪኑ ላይ ተጽፏል፤ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ግን እንዳልተጻፈ ነው። እሳቸውም ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ስለነበር የታያቸውን ቁልፍ ተጭነው ሄደዋል።

በዚያው ማሽን ያለ ክፍያ መውጣት ይቻላል። ጥሬ ገንዘብ በመጠየቅ ፋንታ የጊፍት ካርድ ከመረጣችሁ ሙሉው ገንዘብ ይሰጣችኋል፤ የሚቆረጥ የለም። ምን ምን ካርድ እንዳለ እንደማሽኑ ይለያያል፤ አንዳንዱ ካርድ ዝቅተኛ መጠን ስላለው ሳንቲሙን ከማፍሰሳችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። ሁልጊዜ የምትገዙበት መደብር ካርድ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ ብዙ የለም። የማትሄዱበት መደብር ካርድ ከሆነ ግን አትውሰዱ፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ካርድ ለባለመደብሩ የተሰጠ ገንዘብ ነው። የካርዱ ቁጥር የሚታተመው ተራ ደረሰኝ ላይ ስለሆነ እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ወረቀቱ ከጠፋ ገንዘቡም ጠፋ።

ሌላው ብዙ ሰው ሳያየው ጥሎት የሚሄደው ነገር ማሽኑ ያልተቀበለውን ሳንቲም መልሶ የሚጥልበት ትንሽ ሳህን ነው። የአንበሳ ራስ ያለባት የአገር ቤት ሳንቲም እዚያ ትወድቃለች፤ የካናዳ ሳንቲምም፣ የላውንድሪ ቶከንም እንዲሁ። አንዳንዴ ግን የሚወድቀው ብር ነው፤ ጌጥ የሚሠራበት እውነተኛው ብር። በ1964 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የአሜሪካ ዳይምና ኳርተሮች 90 ከመቶ ብር ናቸው። ክብደታቸው ከዛሬዎቹ ስለሚለይ ማሽኑ ላያውቃቸው ይችላል። በዓይንም ይለያሉ፦ የዛሬው ኳርተር ጠርዙ ላይ ቀይ የመዳብ መስመር ይታይበታል፣ የብሩ ግን ዙሪያውን ነጭ ነው። አንዱ የብር ኳርተር ከ25 ሳንቲም ብዙ እጥፍ ያወጣል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን ሳታዩ ዳይምና ኳርተር አታስረክቡ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም ሳህኑን በእጃችሁ ዳስሱት።

ወደ ባንክ ልምጣ። ባንክ ሒሳብ ላለው ሰው ገንዘቡ ሳይቆረጥ የሚገባበት አንዱ መንገድ መጠቅለል ነው። መጠቅለያው ወረቀት ብዙ ቅርንጫፍ ውስጥ ለደንበኛ በነጻ ይሰጣል፤ ሲጠይቁ ነው እንጂ ማንም አውጥቶ አያሳያችሁም። ቀለሙ የታወቀ ነው፤ ለፔኒ ቀይ፣ ለኒክል ሰማያዊ፣ ለዳይም አረንጓዴ፣ ለኳርተር ብርቱካናማ። 50 ፔኒ 50 ሳንቲም፣ 40 ኒክል 2 ዶላር፣ 50 ዳይም 5 ዶላር፣ 40 ኳርተር 10 ዶላር ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ለቅርንጫፉ ደውሉ። ያልተጠቀለለ የማይቀበል አለ፤ የተጠቀለለውንም ከደንበኛ ብቻ የሚቀበል አለ፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሒሳብ ቁጥር እንዲጻፍ የሚፈልግም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ በበዛበት ሰዓት ከባድ ከረጢት ተሸክሞ ሄዶ መመለስ ያሳዝናል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን «ባንክ ውስጥ የሚቆጥር ማሽን የለም ወይ?» እያለ ነው። በትልልቆቹ ባንኮች አሁን ብርቅ ሆኗል። ቲዲ ባንክ ፔኒ አርኬድ የሚባል ማሽን በየቅርንጫፉ ነበረው፤ ልጆች ጭምር የሚወዱት ነበር። በ2016 የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች 300 ዶላር በትክክል የተቆጠረ ሳንቲም ይዘው የተለያዩ ቅርንጫፎችን ሲፈትኑ ማሽኖቹ አጉድለው ተገኙ፤ በአንዱ የጎደለው ከ40 ዶላር በላይ ነበር። ባንኩ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ማሽኖቹን ሁሉ እንደሚያነሣ አስታወቀ፤ ደንበኞችም ከስሰውታል። እኔ ከዚህ የተማርኩት ማሽን የሚቆጥረውን ገንዘብ አስቀድሞ በራስ ማወቅ እንደሚገባ ነው።

ለዚህ ደግሞ አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። እኛ የምንጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፦ የዛሬው ዳይም 2.268 ግራም፣ ኳርተር 5.67 ግራም ይመዝናል። አስሉት፤ አሥር ዳይምም አራት ኳርተርም እኩል 22.68 ግራም ይመጣሉ። ስለዚህ ዳይምና ኳርተር ተቀላቅለው ቢመዘኑም ክብደታቸው ገንዘባቸውን ይነግራችኋል፤ አንድ ፓውንድ ድብልቅ 20 ዶላር ነው። ኒክል ለብቻው 5 ግራም ነው፤ አንድ ጥቅል ያለ ወረቀቱ 200 ግራም ይሆናል። ችግሩ ፔኒው ላይ ነው፤ ከ1982 በፊት የተሠራው መዳብ ስለሆነ 3.11 ግራም ነው፣ ያሁኑ 2.5 ግራም። አሮጌና አዲስ ተቀላቅሎ ሲመዘን ልኩን አይናገርም። ፔኒ ላይ ሁለት ሦስት ዶላር ቢዛነፍ ግን እንደ ኳርተሩ አይጎዳም። ዋናው ኳርተሩ ነው፤ እሱን አስቀድማችሁ መዝኑ።

ከባንኮች ይልቅ የምመክረው ክሬዲት ዩኒየኖችን ነው። ትርፉ የአባላቱ የሆነ የቁጠባ ተቋም ስለሆነ ብዙዎቹ ለአባል ሳንቲም በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚቆጥር ማሽን አላቸው። አባል ለመሆን በብዙዎቹ 5 ዶላር የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ያም የራሳችሁ ገንዘብ ሆኖ ይቀመጣል። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ ሳይይዝም ቢሆን እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢከፍት ደስ ይለኛል። ሒሳብ የሌለው ሰው ነውና በየቦታው የሚቆረጥበት፤ ቼክ ሲያስመነዝር ይቆረጥበታል፣ ገንዘብ ሲልክ ይቆረጥበታል፣ ሳንቲሙንም ሲቀይር ይቆረጥበታል።

ጥቂት ሳንቲም ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ግሮሰሪ ውስጥ ራሳችን የምንከፍልበት ማሽን አለ። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለው ዓይነት ከሆነ ሳንቲሙን መጀመሪያ አስገብታችሁ የቀረውን በካርድ መክፈል ይቻላል፤ ሰባራ ሳንቲም አይቆረጥም። በዝግታ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አስገቡ። ሰው በሌለበት ሰዓት ሂዱ፣ ምሽት ወይም ማለዳ። ኳርተር ግን ላውንድሪያችሁ አሁንም በሳንቲም የሚሠራ ከሆነ ጭራሽ አትቀይሩት፤ የሚፈልገው ጎረቤት ወረቀት ገንዘብ ይዞ በራችሁን ያንኳኳል።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወሬ ይነፍሳል፦ ፔኒ ስለቀረ ዋጋ የለውም ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። በኅዳር 2025 ፊላደልፊያ ውስጥ ለዝውውር የሚሆነው የመጨረሻው ፔኒ ተመትቷል፤ ከ1793 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ሳንቲም ነበር። ያቆሙት አንዱን ለመሥራት በ2024 የበጀት ዓመት 3.69 ሳንቲም ስለወሰደ ነው። በሰው እጅ ያለው ግን ሕጋዊ ገንዘብነቱ አልቀረም፤ በየቤቱና በየሱቁ ያለው 300 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ሱቆች ሒሳቡን ወደ አምስት ሳንቲም ማጠጋጋት ስለጀመሩ ፔኒ የምትሰጡበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ አትጣሉት፣ ብዙ ዘመንም አታስቀምጡት፤ ጠቅልላችሁ ባንክ አስገቡት። ፔኒና ኒክልን ለብረቱ ብሎ ማቅለጥ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ «መዳቡን እገዛለሁ» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

አገር ቤት ለሚሄድም አንድ ቃል። ሳንቲም በሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። የውጭ ምንዛሪ መስኮቶች የሚቀበሉት የወረቀት ዶላር ነው፤ ኳርተር የሚመነዝር ባንክ አዲስ አበባም ሌላም ቦታ አታገኙም። ከዚህ አገር ሲወጡም ከ5 ዶላር በላይ ፔኒና ኒክል መያዝ በጥቅሉ አይፈቀድም። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ኪሳቸውን አራግፈው ሳንቲሙን ረስተው የሚሄዱትም ብዙ ናቸው፤ በ2018 ብቻ መንገደኞች በአሜሪካ ፍተሻ ጣቢያዎች ትተውት የሄዱት ከ960 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ሕጉ ገንዘቡ ለፍተሻ መሥሪያ ቤቱ ሥራ እንዲውል ይፈቅዳል። ወደ ፍተሻው ከመግባታችሁ በፊት ሳንቲሙን ከኪስ ወደ ቦርሳ አዙሩት።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አሁን ሒሳብ ለሌላቸው ሰዎች አንድ ነገር ጀምረናል። ሳንቲሙን ያመጣው ሰው አጠገባችን ይቀመጣል፤ እኛ ሁለት ሆነን በፊቱ እንቆጥራለን፣ አንዱ የቆጠረውን ሌላው በሚዛን ያረጋግጣል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። በዚያው ልክ የወረቀት ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋቱ አውጥተን እንሰጠዋለን፤ ሳንቲሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ሳንቲም ጋር ተጠቅልሎ ሰኞ ወደ ክሬዲት ዩኒየን ይሄዳል። የምንቆርጠው ነገር የለም። ለአንድ ሰው እስከ 50 ዶላር እንቀይራለን፤ ከዚያ የሚበልጥ ያለውን ሒሳብ እንዲከፍት ወጣቶቻችን አብረውት ይሄዳሉ፣ ፎርሙንም ይሞሉለታል። ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ጥቅሉን ስለለመዱት ከእኛ ከትልልቆቹ ይፈጥናሉ። ሌሎች አጥቢያዎችና የመስጊድ ጀመዓዎች ይህንኑ ቢሠሩ ከባድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሁለት ታማኝ ሰው፣ አንድ ሚዛንና ከባንክ በነጻ የሚገኝ የመጠቅለያ ወረቀት ነው።